ሮማን ያየችው ክብ ጉድጓድ

ባለፈው ጥቅምት ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ጋቢና ነበር የተቀመጥሁት። ጉልበቴ አልታጠፍ ካለኝ ወዲህ ከሾፌሩ ጎን ካልሆነ አልሳፈርም። ከፊታችን አሸዋ የጫነ መኪና ሸራ ሳያለብስ ይከንፋል። ሾፌራችን ሊቀድመው ሲጠጋ አንዲት ጠጠር ከጭነቱ ላይ ተፈናጥራ መጣችና በዓይኔ ትይዩ መስታወቱን ጧ! አደረገችው።

«ለጥቂት ተረፉ እማሆይ!» አለኝ ሾፌሩ።

«መነኩሴ አይደለሁም» አልሁት።

«ይቅርታ እማማ፣ ነጠላው አሳስቶኝ ነው።» ጣቱን በምራቅ አርሶ መስታወቱን ከውስጥ በኩል ማሸት ጀመረ።

«የተመታው ከውጭ ነው ልጄ፣ ከውስጥ ብታሸው ምን ይሆናል? ይልቅ ዛሬውኑ አስሞላው። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት ስንጥቁ ይሮጣል።»

«መካኒክ ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ባለቤትዎ ናቸዋ።»

ወደ መስታወቱ ጠጋ አልሁ። ጠጠሯ የተወችው ምልክት ከምስር ፍሬ አይበልጥም። መሐሉ እንደ ዱቄት ነጥቷል፤ ዙሪያው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተልጧል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት ስንጥቆች ይታያሉ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ከእሱ ላይ ዓይኔን አልነቀልሁም። የዚህ ዓይነቱን ጉድጓድ በማይክሮስኮፕ እያየሁ በእርሳስ ስስል ወጣትነቴን ጨርሻለሁ። ከሁሉም ግን አምስቱ፣ በባዶ ዓይን እንኳ የማይታዩት፣ ሕይወቴን ከፊትና ከኋላ ከፍለውታል። የእነዚያን ጉድጓዶች ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁም። የሚያውቁት ሰዎች በየራሳቸው መንገድ አውርተውታል፤ የእኔ ተራ ግን ደርሶ አያውቅም።

ጊዜው ካኪ የሚለበስበት፣ ሰልፍ የሚበዛበት ጊዜ ነበር። ስለ ሰልፉ ሌሎች ይጻፉ። እኔ የማስታውሰው ፔዳ አካባቢ፣ ከመምህራን ኮሌጁ አጥር ጀርባ፣ ከሮማን ጋር የተከራየነውን አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ኪራዩ አሥራ ስምንት ብር። ሻይ በእትዬ ብርቄ ቤት አሥር ሳንቲም ነበር፤ በአንድ ብር ከሃምሳ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ጭንቅላቱና ጭራው ከሳህኑ የሚተርፍ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ይቀርብልናል። ያኔ ሐይቁ አጥር አልነበረውም። ዛሬ ሆቴሉ ሁሉ ተሰልፎ ውኃውን ለማየት አንድ ነገር ማዘዝ ግድ ሆኗል፤ ያኔ ግን ከዋርካው ሥር ቁጭ ብለን ከደሴቶቹ እንጨት ጭነው የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች እንቆጥር ነበር። ከዘንባባው መንገድ ጥግ አንድ የካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያስዘፍናል። ሮማን ካሴቱ ገና ከአዲስ አበባ ሳይደርስ ግጥሙን ታውቀዋለች። እንዴት እንደምታውቀው አይገባኝም ነበር። ስለ እሷ ያልገባኝ ነገር ብዙ ነው።

ሮማን ከድሬዳዋ የመጣ የፋብሪካ መካኒክ ልጅ ናት። እኔ የቆላ ድባ ልጅ ነኝ። ሁለታችንም በኮሌጁ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ረዳቶች ነበርን፤ በአንድ ቀን ተቀጠርን፤ ደመወዛችንም እኩል ነበር። እኩልነታችን ግን እዚያ ላይ ያበቃል። እሷ ብስክሌት ትነዳለች፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። አንድ ቀን ከአንድ የወረታ ሐጂ ሱቅ፣ ከአንድ ጣቃ ላይ የተቀደደ ሰማያዊ ቴትሮን ገዛን። ሐጂው ጨርቁን እየለኩ «እህትማማቾች ናችሁ ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን። እሷ «አዎ» አለች፤ እኔ «አይደለንም» አልሁ፤ ሁለታችንም እኩል ተናገርን፤ እሳቸውም ሳቁ። ከአንድ ልብስ ሰፊ አሰፋነው። እሷ ስትለብሰው ካሴት ቤቱ በር ላይ የቆሙት ጎረምሶች ሁሉ ዝም አሉ። እኔ ስለብሰው የሆስፒታል መጋረጃ መሰልሁ። ጨርቁ ያው ነው፤ ክሩ ያው ነው፤ መርፌውም ያው ነው። እግዚአብሔር አንዳንዱን ሰው ሲፈጥር እጁን ያፍታታል፤ አንዳንዱን ደግሞ ለምሳ እየቸኮለ ይሠራዋል ብዬ የማምነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አንድ ነገር ግን ነበረኝ። ዓይን። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ዘሪሁን ከተማሩበት አገር ሲመለሱ በጥጥ የተጠቀለሉ ትንንሽ መስታወቶች በሣጥን ይዘው መጡ። መስታወቶቹ በልዩ መድፍ የተተኮሰባቸው ናቸው አሉን፤ ጥይቱም ከተነፋ ዱቄት ብናኝ የማይበልጥ ፍሬ ነው። ከአየሩ በላይ፣ በጠፈር ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ብናኝ ከጠመንጃ ጥይት ብዙ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ይበርራል፤ የመንኮራኩር መስኮት ሲመታ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነው የተተኮሰው። የእኛ ሥራ ጉድጓዶቹን በማይክሮስኮፕ እያየን መሳል ነበር። ለማነጻጸሪያ እንዲሆን እኔ ከየጋራዡ የአሮጌ አውቶቡስ መስታወት ሰብስቤ አመጣሁ፤ በጠጠር መንገድ ብዙ ዘመን የሠራ አውቶቡስ መስታወቱ እንደ ፈንጣጣ ፊት ነው።

ድንጋይ ሲመታ የሚተወውን ምልክት እኔ ከሕፃንነቴ አውቀዋለሁ። እናቴ በቆላ ድባ ወፍጮ በመውቀር የታወቀች ሴት ነበረች። ወፍጮ ብዙ ከተፈጨበት ይሟልጥና እህል መያዝ ያቅተዋል፤ ያኔ ፊቱ በጠንካራ ድንጋይ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ እንደገና ይሻክራል። ስታስተምረኝ እጄን ይዛ «ቀጥ አድርገሽ ምቺ» ትለኝ ነበር። ቀጥ ብሎ ያረፈ ምት ክብ ነቁጥ ይተዋል፤ መሐሉ ነጭ ዱቄት፣ ዳሩ ቅርፊት። አጋድመሽ ከመታሽው ግን ይጭረዋል፤ ነቁጡ ሞላላ ይሆናል፤ ወፍጮውም ይበላሻል። ስለዚህ የአውቶቡሱን መስታወት ገና ሳየው የእናቴን ወፍጮ ነው ያየሁት። የዶክተሩ መስታወት ግን ሌላ ነበር።

«ዶክተር፣ ይኼኛው ቀልጧል» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ምኑ ነው የቀለጠው?»

«ከንፈሩ። እንደ ሰም ፈስሶ ረግቷል። የአውቶቡሱ ግን ተሰባብሮ ነው የነጣው፣ አልቀለጠም።»

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ቆዩ። «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማን ይነግረኛል? ይኸው ይታያል።»

ከዚያ ሁለታችንንም ጠርተው አስረዱን። ፍሬዋ መስታወቱን ስትነካ ቀስ ብላ የምትቆምበት ጊዜ የላትም። ያ ሁሉ ፍጥነት በቅጽበት ግፊትና ሙቀት ይሆናል፤ ፍሬዋም የነካችው መስታወትም ይቀልጣሉ፤ ከፊሉም ይተናል። የቀለጠው ወደ ዳር ተገፍቶ ከንፈር ሠርቶ ይረጋል። ግፊቱ ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ማዕበል ተጉዞ በዙሪያው ያለውን ስስ ገጽ ልጦ ያስፈነጥረዋል፤ የዓሣ ቅርፊት የሚመስለው እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ጉድጓዱ ከፍሬዋ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ይህን ሁሉ ሲያስረዱን የሚያዩት እኔን ነበር፤ ሮማንን አልነበረም። በሕይወቴ ያን ያህል ቀና ብዬ የሄድሁበት ሳምንት የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ወደ ውጭ የሚሄድ አንድ ረዳት ይመረጣል ተባለ። አንድ ብቻ። ዶክተር ዘሪሁን እኔንና ሮማንን ጠርተው አንድ መስታወት ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጡ። «አምስት ጉድጓዶች አሉ» አሉ። «ፍሬዎቹ ቀጥ ብለው ነው የመጡት ወይስ ተጋድመው? አንድ አንድ ገጽ ጻፉ። ሦስት ቀን አላችሁ።»

አየሁት። አምስቱም በኮምፓስ የተሠሩ ይመስል ክብ ናቸው። ይህን ጥያቄ የቆላ ድባ ልጅ ካልመለሰው ማን ይመልሰዋል? በዚያው ቀን ጻፍሁ። ክብ ስለሆኑ ቀጥ ብለው መጥተዋል፣ ተጋድመው ቢሆን ኖሮ ሞላላ ይሆኑ ነበር ብዬ፣ የወፍጮውን ምሳሌ ጨምሬ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ። ሮማን ሦስቱንም ቀን ቤተ መጻሕፍት ቁጭ አለች። ማታ ስትመጣ «ምነው፣ ለዲግሪ ነው እንዴ የምታጠኚው?» እያልሁ እስቅባት ነበር። እሷም ትስቃለች፤ ግን አትነግረኝም።

የእሷን ገጽ ኋላ ላይ አየሁት። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ጉድጓዱ ክብ መሆኑ ስለ አመጣጡ ምንም አይነግረንም ይላል። ፍሬዋ እንዲህ ስትፈጥን ለመጫር ጊዜ አታገኝም፤ በነካችበት ቦታ እንደ ድማሚት ትፈነዳለች፤ ፍንዳታም ወደ ሁሉም ወገን እኩል ይገፋል። ቀጥሎ በቃሌ የያዝሁት ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ድማሚት የቀበረው ሰው በየት በኩል እንደመጣ ጉድጓዱ አይናገርም።» ፍሬዎቹ በእርግጥም ተጋድመው የተተኮሱ ነበሩ። ዶክተሩ ያውቁ ነበር። እኔን ለብቻዬ ጠርተው «እማዋይሽ፣ ዓይንሽ ከሁላችንም ይበልጣል፤ ችኮላሽ ግን ቀደመው» አሉኝ። ዘመኔን ሁሉ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ምስጋና ያቃጠለኝ ግን የለም።

ውጤቱ ከመነገሩ ከሁለት ቀን በፊት ደግሞ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ሐይቁ ዳር፣ ከዋርካው ወረድ ብሎ፣ ዶክተር ዘሪሁንና ሮማን እያወሩ ይሄዳሉ። እሷ እጇን እያወራጨች ታወራለች፤ እሳቸው ወረቀት ይዘዋል። ድንገት እሳቸው በሳቅ ፈርሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዶክተር ዘሪሁን ጥርሳቸውን የማያሳዩ ሰው ነበሩ። እሷ መመረጧን ስሰማ ይህን ያየሁትን ከምርጫው ጋር አገናኘሁት። እንዲህ ከተቀራረቡ መልሱን አስቀድመው ነግረዋታል አልሁ። ካሴቱ ከመውጣቱ በፊት ግጥሙን የምታውቅ ያች ልጅ መልሱንም ጥያቄው ሳይቀርብ አውቃዋለች። ይህን እምነት ከአርባ ዓመት በላይ እንደ ስንቅ ይዤው ኖርሁ።

ሮማን ከመሄዷ በፊት ወሬ ተነሣ። ዶክተሩና ሮማን ሐይቅ ዳሩን አዘውትረዋል ተባለ። ወሬው ከፔዳ ተነሥቶ ገበያውን ዞሮ ሮማን ከታጨችለት ከታደለ ዘንድ ደረሰ። ታደለ የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ ሰው። ቀለበቱን መለሰ። የዶክተሩም ባለቤት ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ ብዙ ወራት ቆየች። ሮማን በክፍላችን ሁለት ሌሊት ሙሉ ስታለቅስ ጀርባዋን አሸሁላት። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ አንዱ ዓመት ተጨምሮ ተጨምሮ ዕድሜ ሆነ። ትዳርም ልጆችም እዚያው ተሰጧት። እኔ ከዚያው ማይክሮስኮፕ አጠገብ ጡረታ ወጣሁ። ዶክተሩም ሞቱ፣ ነፍስ ይማር። ታደለንም አንዳንድ ጊዜ ገበያ ላይ አየው ነበር፤ ሰላምታ አንሰጣጥም።

ሮማን ባሏ ሞቶባት ወደ ባሕር ዳር ተመልሳ ሐይቁ አጠገብ መኖር ከጀመረች ዓመት አልፏል። ሰምቼ ነበር። ያን ሰፈር ላለመርገጥ ስል ባጃጅ በረጅሙ መንገድ አስዞራለሁ። ያን ቀን ግን ከወረታ ስመለስ፣ መስታወቱ ላይ ያለችውን ነጭ ነቁጥ ሳይ መጥቼ፣ ቤቴ አልገባሁም። አንድ ነገር ብቻ ከአፏ መስማት ፈለግሁ። «አዎ፣ ነግረውኝ ነበር» እንድትል። ያን ካለች ወደ ቤቴ ሄጄ እንቅልፌን እተኛለሁ።

በሩን ራሷ ከፈተችው። ከዘራ አልያዘችም። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ እሱም አምሮባታል።

«እማዋ!» ብላ ጮኸች። እንደዚያ የሚጠራኝ ሰው ከሞተ ቆይቷል ብዬ ነበር። «ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ አንቺ ኩራተኛ!»

«ታምሜ ነበር።»

«ውሸታም። ጡረተኞች ማኅበር ላይ ስትጨቃጨቂ ነው የሰማሁት። ግቢ፣ ግቢ።»

ከግቢዋ የማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጠችኝ፤ የማንጎ ጭማቂ አመጣች። ልጆቿን በስልኳ አሳየችኝ። ሁለቱም እሷን ይመስላሉ። ጉልበቴን ጠየቀችኝ፤ የእናቴን ሞት ጠየቀችኝ፤ ቀኑን ሳይቀር ታስታውሳለች። እኔ ግን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ገባሁ።

«ሮማን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ፣ የአምስቱ ጉድጓዶች ጊዜ፣ ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«ክብ መሆናቸው ምንም እንደማይናገር።»

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «ጨረቃ ናታ! ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያ ትልቁ የሥዕል መጽሐፍ ትዝ አይልሽም? የጨረቃ ፎቶ ነበረው። ጉድጓድ በጉድጓድ፣ ሁሉም ክብ። እና ይኼ ሁሉ ድንጋይ ከየአቅጣጫው እየመጣ አንድም ተጋድሞ የወደቀ የለም እንዴ አልኩ ለራሴ። ሊሆን አይችልማ። ከዚያ የአባቴን ጓደኞች አስታወስኩ፣ የድንጋይ ካባ ሠራተኞቹን፣ ድማሚት የሚቀብሩትን። በቃ።»

«ዶክተር ዘሪሁንስ?»

«እሳቸውማ ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ ሐይቁ ዳር አግኝተውኝ ማን ነገረሽ ብለው ያዙኝ። ጨረቃ ነገረችኝ ስላቸው ሳቁ፣ እማዋ! እሳቸው! ድንጋይ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ።»

መጽሐፉ ትዝ ይለኛል። እንዴት አይለኝም? ዝናብ ሲሆን ምሳ ሰዓት ላይ ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እናገላብጠው ነበር። ያን ገጽ እኔም አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። «እንዴት ያምራል» ብዬ ገልጬ አልፌዋለሁ። ዓይኔ ከሁሉም ይበልጣል የተባለልኝ እኔ። በሮማን ቁንጅና፣ በብስክሌቷ፣ በቀሚሷ፣ በባሕር ማዶ ኑሮዋ ሁሉ ቀንቼባታለሁ፤ ያን ሁሉ ቅናት አንድ ላይ ብትሰበስቡት ያን ከሰዓት በኋላ ማንጎ ሥር የተሰማኝን አያህልም። ማንም አልነገራትም። ቁጭ ብላ አይታ አሰበች፣ በቃ።

ሮማን ግን አልጨረሰችም። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አንድ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም» አለች። «ታደለ ቀለበቱን ሲመልስልኝ የሰማሁትን ሰምቻለሁ ብቻ ነው ያለኝ። ማን እንደነገረው አልነገረኝም። ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ አልተበደልኩም። ግን ታደለን ነበር የምወደው። ስንት ዓመት እያሰብኩ፣ በመጨረሻ እትዬ ብርቄ ናት አልኩ። ሻይ ቤት የነበረችው። ካልሆነች ደግሞ ነፍሷን እየበደልኩ ነው።»

ጭማቂውን ጠጥቼ ጨረስሁ። «መሽቷል» አልሁ። በሩ ላይ አቅፋ ሳመችኝና «ቅዳሜ ነይ፣ ቀረሶ እጠብስልሻለሁ» አለችኝ። «እመጣለሁ» አልኋት። ሦስት ቅዳሜ አለፈ፤ አልሄድሁም።

ሮማን፣ እትዬ ብርቄ አይደለችም። እሷ ሻይ ስትቀዳ የሰማችውን ነው ያወራችው፤ የሰማችውም ከእኔ ነው። «ዶክተሩና ሮማን ሐይቅ ዳሩን አዘውትረዋል፤ እኔ ነገርሁሽ እንዳትይ» አልኋት። አንድ ቀን ያየሁትን «አዘውትረዋል» ያልሁት እኔ ነኝ። እንደማትደብቀውም አውቅ ነበር፤ ለዚያ ነው እሷን የመረጥሁት። ጀርባሽን ሳሽልሽም አውቅ ነበር። ፊትሽን እያየሁ ልነግርሽ አልቻልሁም፤ አንቺ ደግሞ ያገኘሽውን ጋዜጣና መጽሔት ሁሉ ሳታነቢ እንደማትውዪ ስለማውቅ እዚህ ጻፍሁት። አዝኛለሁ ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ዛሬም ይቀናብሻል፤ እሱን ምን እንደማደርገው አላውቅም። በሚመጣው ቅዳሜ በርሽን አንኳኳለሁ። ባትከፍቺልኝ አልቀየምሽም፤ እኔ ብሆን አልከፍትም ነበር።